ያልተነገሩት ዘጠኝ ጠጠሮች

አንድ ጊዜ፣ ከሰው መንደር ርቆ በገደል አፋፍ ላይ በተዘረጋ ጨፌ፣ አህዮች፣ በጎች፣ ፍየሎችና አንድ ያረጀ ኤሊ አብረው ይኖሩ ነበር። ሣሩ ለምለም፣ ውሃውም ቅርብ ነው። ክፉው ነገር ክረምቱ ነው። ሐምሌ ሲገባ ከገደሉ ሥር ጉም ይነሣና ገና ቀን ሳለ ጨፌውን ያለብሰዋል። ያን ጊዜ እናት ልጇን፣ ልጅም የገዛ እግሩን አያይም። በጉሙ ውስጥ ደግሞ ጅብ አለ። አያ ጅቦ በሌላው ወቅት የሚመጣው ሲመሽ ነው፤ በክረምት ግን ጉሙ ጨለማ ስለሚሆንለት ቁርሱንም ምሳውንም እዚያው ጨፌ ላይ መብላት ያምረዋል።

ስለዚህ እንስሳቱ ዘበኛ ያቆማሉ። ዓይን በማይሠራበት ቦታ የሚጠብቀው ጆሮ ነውና፣ ዘበኛው ሁልጊዜ ከአህዮች ወገን ነው። በጨፌው መካከል «የጆሮ ድንጋይ» የሚባል ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ ዘበኛው እዚያ ላይ ወጥቶ ያዳምጣል። የጅብ ኮቴ ሲሰማ በየት በኩል እንደሆነ ጮኾ ይናገራል፤ የቀረው ሁሉ ሩጡ ወደተባለበት ይሮጣል። ከተሳሳተ ግን ጉድ ፈላ፤ በአንድ በኩል ጅብ፣ በሌላው በኩል ገደል። በጉም ውስጥ ከዘበኛው በቀር ማንም እንዳይጮህ የተከለከለውም ለዚህ ነው። ሁለት ድምፅ መንጋ ይበትናል። ሕጉን ጥሶ የጮኸ ከጨፌው ይባረራል፤ ከጨፌው የተባረረ ደግሞ የት እንደሚያድር ጅብ ያውቃል።

ዘበኛ የሚመረጠው ሰኔ ላይ በፈተና ነው። ተፈታኙ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከኋላው አሥር እንስሳት፣ የጨፌው ወፎችም ጭምር፣ ተራ በተራ ያልፋሉ፤ እርሱም ማን እንዳለፈና በየት በኩል እንዳለፈ ይናገራል። በትክክል በመለሰ ቁጥር አባ ኤሊ አንድ ጠጠር ወደ ቅርፊቱ ሥር ያስገባል። ነገር ግን ጠጠሩ አይቆጠርም! የአባቶች ልማድ ነው። ፈተናው ሲያልቅ ተፈታኙ ራሱ ተነሥቶ «ይህን ያህል አግኝቻለሁ» ብሎ ይፎክራል፤ አብልጦ የፎከረው ይሾማል። «በራሱ ያልተማመነ እኛን እንዴት ይጠብቀናል?» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ጠጠሩ የሚወጣው ሁለት ተፈታኞች እኩል ከፎከሩ ብቻ ነው፤ እኩል የፎከሩ ደግሞ ታይተው አይታወቁም።

በዚያ ዓመት ሁለት አህዮች ለፈተና ቀረቡ። አንደኛው ቡላ የሚባል ደረተ ሰፊ ወንድ አህያ ነው። ሁለተኛዋ ዳልቻ ናት፤ መልኳ አመድማ የሆነ፣ የአንዲት ውርንጭላ እናት። ዳልቻ የመጣችው ሹመት አምሯት አልነበረም። ባለፈው ክረምት ዘበኛው አንቀላፍቶ ጅቡ የውርንጭላዋን የጭራ ጫፍ ቆርጦ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ጉም በታሰባት ቁጥር ልጇን ወደ ጎኗ ትጠራለች። «ልጄን ሌላ ከሚጠብቃት እኔ ልጠብቃት» ብላ ነው የመጣችው።

መጀመሪያ ቡላ ተፈተነ። ሲያገኝ «አይ ጆሮ! ጆሮ እንዲህ ነው!» ተባለ። ሲስት «ነፋሱ ነው ያሳሳተው» ተባለለት። ቀጥሎ ዳልቻ ተፈተነች። ስታገኝ «ዕድሏ ነው» አሉ። ደግማ ስታገኝ «ዛሬ ደግሞ ዕድሏ ቀንቷታል» አሉ። አንዴ ግን ስታ ቆቋን «ጅግራ» አለች። ይኼኔ አውራ በጉ ቀንዱን እየነቀነቀ ሣቀና፣ «ምን ይደረግ! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አለ። ጨፌው በሣቅ ተናወጠ። ዳልቻም ከዚያ በኋላ ያቺን ቆቅ እንጂ ሌላ ምንም አላስታወሰችም።

ፉከራው መጣ።

«ቡላ፣ ስንት አገኘህ?» አለ አባ ኤሊ።

ቡላ ደረቱን ነፋ፤ መሬቱን በኮቴው ደበደበ። «ዘራፍ! እኔ ቡላ! የጉንዳን እርምጃ የማያመልጠኝ! ከአሥር አሥር!»

«አንቺስ ልጄ?»

ዳልቻ መሬት መሬት እያየች፣ «እንጃ አባ... አራት ይሆን? ቢበዛ አምስት» አለች።

አባ ኤሊን ጠጠሮቹ ከሥሩ ቆረቆሩት። በግራ በኩል ያሉት የቡላ ናቸው፤ አራት። በቀኝ በኩል ያሉት የዳልቻ ናቸው፤ ዘጠኝ። ሊናገር አንገቱን አወጣ። ሽማግሌዎቹን አየና መልሶ አስገባው። ልማድ ነዋ! ቡላም በእልልታ ተሾመ።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ የሚሰማ አንድ ሌላ ፍጡር ነበር፤ ቀበሮ። ቀበሮ ደግሞ ሳይነገረው መቁጠር ያውቃል። ጭራውን ሰብስቦ በቀጥታ ወደ ጅቡ ዋሻ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ የምሥራች! ዘንድሮ ክረምቱ ያንተ ነው።»

«አጥንት ይዘህ መጣህ?» አለ ጅብ።

«ከአጥንት የሚበልጥ ወሬ ነው ያመጣሁት። በጨፌው ላይ የማይሰማው ዘበኛ ሆኗል። የምትሰማው ደግሞ መስማቷን አታውቅም።»

ጅብ አሰበ፤ አሰበና «ታዲያ አጥንቱ የታለ?» አለ።

ቀበሮ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተወው። አንተ ብቻ ጉሙ ሲወርድ በኮሶው ዛፍ በኩል ና። ሥጋው ላንተ፣ እግርና ጭንቅላቱ ለእኔ። ስለዘበኛዋ... ማለቴ ስላልተሾመችው ዘበኛ እኔ አስብበታለሁ።»

ሐምሌ ገባ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉሙ ወረደ። መጀመሪያ ገደሉ ጠፋ፤ ቀጥሎ ኮሶው ጠፋ፤ በመጨረሻ እርስ በርስ መተያየት ጠፋ። የጋጡት ሣር በየአፋቸው ቀረ፤ የሚያኝክ እንኳ አልነበረም። ዳልቻ ውርንጭላዋን ከሆዷ ሥር አስገብታ ጆሮዋን አቆመች።

ሦስቴ ረገጥ፣ አንዴ ጎተት። ሦስቴ ረገጥ፣ አንዴ ጎተት።

የሚያነክስ ነገር ነው። በኮሶው በኩል ነው።  ቀስ ብላ ወደ ጆሮ ድንጋይ ተጠጋችና ወደ ላይ አንሾካሾከች። «ወንድሜ ቡላ፣ ተሳስቼ ይሆናል እንጂ፣ በኮሶው በኩል የሚያነክስ ነገር የሰማሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?» አለ ቡላ። «ከአሥር አሥር ያገኘሁት እኔ ያልሰማሁትን አንቺ ሰማሽው?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች ዳልቻ፤ አንገቷን ደፍታም ተመለሰች። ቡላ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰላም ነው! ባላችሁበት ጋጡ!» ሲል አወጀ።

ሦስቴ ረገጥ፣ አንዴ ጎተት። አሁን ቀርቧል። ዳልቻ አፏን ከፈተች። «ብሳሳትስ?» አለች በልቧ። «ያንን ሁሉ ፍጡር ወደ ገደል ብነዳውስ? ቆቅና ጅግራ ያልለየሁ እኔ ማን ነኝ?» አፏን መልሳ ዘጋች።

አንድ አጭር የግልገል ጩኸት ተሰማ። ከመጀመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ያ ማንከስ ወደ ሩጫ ተለውጦ ራቀ።

«ጅብ! ጅብ!» ብሎ ቡላ የጮኸው ይኼኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። የግልገሉ እናት፣ ነጯ በጊት፣ ልጇን እየጠራች በጉሙ ውስጥ ስትዞር ዋለች። ጉሙ ሲገለጥ ያገኘችው በእርጥብ ሣር ላይ የቀረ ደም ብቻ ነበር። የእሷን ድምፅ መስማት ለሁሉም ከጅቡ ኮቴ የባሰ ሆነ።

«በእኔ በኩል አልመጣም፤ ቢመጣ እሰማው ነበር» አለ ቡላ። የሚያሳዝነው፣ አይዋሽም ነበር። ከልቡ ያምን ነበር።

ወደ ማምሻው ላይ ዳልቻ ወደ አባ ኤሊ ሄደች። «አባ፣ ግልገሉን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሰምቼ ዝም አልኩ።»

 አባ ኤሊ እየተንፏቀቀ ከተኛበት ቦታ ፈቀቅ አለ። በሥሩ ጠጠሮች ነበሩ፤ በሁለት ወገን የተከመሩ።

«በቀኝ በኩል ያሉትን ቁጠሪ» አላት።

ቆጠረች። «ዘጠኝ። የቡላ ናቸው?»

«ያንቺ ናቸው።»

ደግማ ቆጠረች። በኮቴዋ አንድ በአንድ እየነካች ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። «ከሌላ ጋር ተቀላቅለው ይሆናል አባ።»

«ምንም አልተቀላቀሉም። የቡላ እነዚያ አራቱ ናቸው። ከሰኔ ጀምሮ እነዚህ ጠጠሮች እየቆረቆሩኝ አንድም ሌሊት ደህና አልተኛሁም።»

ዳልቻ ቀና አለች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍርሃቷ ቀድሞ ንዴት መጣባት። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልማዱ...» አለ አባ ኤሊ።  ከዚያም ወደ ጠጠሮቹ እያየ፣ «ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ለሁሉም አሳያለሁ» ብሎ ቃል ገባ።

ኤሊ ኤሊ ነው፤ ጉሙ ቀደመው። በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ የጀመረ ጉም ረፋዱ ላይም አልገፈፈም። ይባስ ብሎ ውርንጭላዪቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከጉሙ በፊት፣ እናቷ ሳታያት ጨዋማ አፈር ልትልስ ወደ ገደሉ አፋፍ ወርዳ ነበር። ዳልቻ ልጇን ፍለጋ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ምንም አይታይም። ወዴት ትሂድ?

«እንዴት አደርሽ እህት ዳልቻ» አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ ከአጠገቧ። ቀበሮ ነው። ቀበሮ አህያን የሚያስፈራ አውሬ ስላልሆነ አልሸሸችም።

ሦስቴ ረገጥ፣ አንዴ ጎተት።

«ምን ሰማሽ?» አለ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጅብ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ነፋስ ቢሆንስ?»

ሦስቴ ረገጥ፣ አንዴ ጎተት። ኮሶውን አልፎ ወደ ገደሉ አፋፍ አቅንቷል። ልጇ ወዳለችበት!

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ቀበሮ፣ አሁን በጆሮዋ ሥር። «ሁሉንም ወደ ገደል ብትነጂያቸውስ? ያን ሁሉ ነፍስ በምን ትከፍይዋለሽ?»

ዳልቻ ጆሮዋን ከቀበሮው ወደ ገደሉ አዞረች።

«እርግጠኛ ነሽ? ቡላ እኮ ምንም አልሰማም። ብትጮኺ የምትባረሪው አንቺ ነሽ፤ ያቺ ጭራዋ የተቆረጠ ሚስኪን ልጅሽም ተከትላሽ ትሄዳለች። ተይ እህቴ፤ ዝም በሚል አፍ ዝንብ አይገባም።»

ዳልቻ ዓይኗን ጨፈነች። በጉም ውስጥ ዓይን መጨፈን ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል፤ ለእሷ ጠቀማት። በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ጠጠሮቿን ቆጠረች። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ አፏን ከፈተች።

«ጅብ ነው! በኮሶው በኩል ገብቶ ወደ ገደሉ እያቀና ነው! ሁላችሁም ወደ ጆሮ ድንጋይ ሩጡ!»

«ማነው የሚጮኸው?» ብሎ ቡላ ከላይ አናፋ። «ሰላም ነው! ባላችሁበት ቁሙ!»

መንጋው ድርቅ ብሎ ቀረ። ሁለት ድምፅ! የተፈራው ነገር ደረሰ። ወዲያ ቢሉ ገደል፣ ወዲህ ቢሉ ጅብ፣ ማንን ይመኑ?  ያን ጊዜ የአንዲት በግ ድምፅ ተነሣ።

«እኔ ዳልቻን ነው የማምነው!» አለች ነጯ በጊት። «'ሰላም ነው' የሚለውን አንዴ አምኜ ልጄን አጥቻለሁ!» እየተጋጨች ወደ ድንጋዩ ሮጠች። ፍየሎቹ ተከተሏት፤ በጎቹም ተከተሉ። ያ ሁሉ ኮቴ በዳልቻ አጠገብ ሲያልፍ አንድ በአንድ አዳመጠችው። የልጇ ኮቴ የለበትም።

«እማ...» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ ከገደሉ አፋፍ።

ጅቡም ሰማው። ማንከሱ ፈጠነ።

«ልጄ፣ እንዳትነቃነቂ!» አለች ዳልቻ። ከልጇ ድምፅ ጀርባ የወንዙን ውሃ ሰማች፤ ከታች፣ እጅግ ከታች። ውርንጭላዪቱ ከአፋፉ ጫፍ ላይ ነበረች ማለት ነው። «ኋላሽ ገደል ነው። 'አሁን' ስልሽ ወደ ግራሽ ዝለይና ተኚ። ከዚያ በፊት እንዳትዘልዪ።»

«ሲመጣ ይሰማኛል እማ!»

«ይምጣ።»

«እማ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

ያ የቀበሮው ጥያቄ ከገዛ ልጇ አፍ ወጣ። ዳልቻ ፈርታ ነበር፣ በጣም ፈርታ ነበር። ጆሮዎቿ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«እርግጠኛ ነኝ» አለች።

ሦስቴ ረገጥ፣ አንዴ ጎተት። የጅቡ ትንፋሽ ተሰማ። ሦስቴ ረገጥ...

«አሁን!»

ትንንሽ ኮቴዎች ወደ ግራ ዘለሉ። ሥጋ ብቻ የሚታየው አያ ጅቦ ባዶ ጉም ላይ ተወረወረ። በእርጥቡ ሣር ላይ ከባድ ገላ ሲንሸራተት ተሰማ፤ ጥፍር ድንጋይ ሲቧጥጥ ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ረጅም ጩኸት እየራቀ እየራቀ ወረደ። በመጨረሻ የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ልጄ?» አለች ዳልቻ።

መልስ የለም።

«ልጄ!»

«ተኚ ብለሽኝ እኮ ነው» አለች ውርንጭላዪቱ።

ዳልቻ ይኼኔ አለቀሰች። ስታለቅስ ማንም አልሣቀባትም።

እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ተገፈፈ። ቀበሮ በዚያ ሰዓት በቀጭኑ መንገድ ወደ ገደሉ ሥር ሲወርድ ታየ፤ የባልንጀራውን አጥንት ሊግጥ። ባልንጀርነታቸው እስከዚያ ድረስ ነበር።

በጨፌው ላይ አውራ በጉ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይሁን እንጂ፣ በጉም ውስጥ የጮኸ ይባረራል የሚለው ሕግ...» ብሎ ጀመረ። ሁሉም ዞር ብለው ሲያዩት ሣር የሚግጥ መሰለ። በዚህ መካከል አባ ኤሊ ጠጠሮቹን በአፉ እያመላለሰ፣ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። በጆሮ ድንጋይ ሥር በሁለት ወገን ደረደራቸው። «ይህ የዳልቻ ነው፤ ዘጠኝ። ይህ የቡላ ነው፤ አራት» አለ።

ቡላ ከድንጋዩ ወርዶ አራቱን ጠጠሮች ትክ ብሎ አያቸው። ጆሮዎቹ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። «እኔ እኮ አሥር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር» አለ በቀጭን ድምፅ። «ስሳሳት ሁሉ ነፋሱ ነው ስትሉኝ... ማንም አላረመኝም።» ከዚያ በኋላ ያ አህያ ፎክሮ አያውቅም ይባላል።

ፍየሎቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ዳልቻን ድንጋዩ ላይ አወጧት። ነጯ በጊት ግን እልል አላለችም። ወደ ድንጋዩ ቀረበችና ቀና ብላ አየቻት።

«ዳልቻ፣ ያን ቀን ልጄን ሲወስደው ሰምተሽ ነበር?»

እልልታው ቆመ።

«ሰምቼ ነበር» አለች ዳልቻ።

«ለምን አልጮህሽም?»

«መስማቴን አላመንኩም።»

 ሁሉም የስድብ ቃል ጠበቁ። በጊቷ ግን ቀስ ብላ ወደ አባ ኤሊ ዞረች። «አባ፣ እርስዎስ? የዚህችን ጆሮ ያውቁት ነበር?»

«ከሰኔ ጀምሮ» አለ አባ ኤሊ።

«እንግዲያው ልጄን ጅቡ ብቻውን አልበላውም» አለችና ብቻዋን ወደ ሣሩ ሄደች።

አባ ኤሊ እንደ ልማዱ አንገቱን ወደ ቅርፊቱ ሊያስገባ ነበር። ግን አላስገባውም፤ እስኪመሽ ድረስ አንገቱን አውጥቶ፣ የሁሉም ዓይን እያየው፣ በዚያው በጠጠሮቹ አጠገብ ቆየ። ከሚቀጥለው ሰኔ ጀምሮ በዚያ ጨፌ ፉከራ ቀረ፤ ጠጠር በአደባባይ፣ በተፈታኙ ወይም በተፈታኟ ፊት፣ በየመልሱ ይጣል ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሚፎክረው ሹመት ሰጥተን ለምታውቀው ማወቋን ሳንነግራት ስንቀር፣ የዝምታችንን ዕዳ የሚከፍሉት ምንም የማያውቁ ግልገሎች መሆናቸውን ነው።